በረዶው እስኪቀልጥ

እኔ ሰው ስጠረጥር የማየው ዓይኑን አይደለም፤ ከንፈሩን ነው። አሁን የውጭ አገር ፊልም ሁሉ በአማርኛ እየተናገረ ሲመጣ ቤተሰቡ ታሪኩን ይከታተላል፣ እኔ ከንፈር እቆጥራለሁ። ልጅቷ አፏን ገጥማ አማርኛው ከቀጠለ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ጨመረው?» እላለሁ። ባለቤቴ «አንቺን ፖሊስ ሳያገኝሽ ቀረ» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ይሄ ጠባይ ከየት እንደያዘኝ ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው ነሐሴ ፍላቂት፣ አክስቴ ዝናሽ ቤት፣ ቁጭ ብለን ስናወራ በረዶ ጣለ። የቆርቆሮው ጩኸት መደማመጥ ከለከለን። ሲያባራ በሩን ከፈትኩት። የተቀጠቀጠ ቅጠልና የራሰ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። ሽታው ሳላስበው ወደ ላሊበላ፣ ወደዚያች ጸጉር ቤት፣ ወደ አንድ ክረምት መለሰኝ።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናትና አባቴ ገጠር ናቸው። ከመንደራችን ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ከአክስቴ ዘንድ እንድማር ወደ ከተማ ላኩኝ። አክስቴ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። አግብታ ነበር፤ ባሏ «ሲሚንቶ ላምጣ» ብሎ ወልድያ ወረደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ሲሚንቶውም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ከአፏ የማትለያት አንዲት አባባል ነበረቻት፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» እኔ ይህቺን አባባል ከፊደል ቀጥሎ ነው የተማርኳት ብል አላጋነንኩም።

ጸጉር ቤቷ ከገበያው በላይ፣ አንዲት ክፍል ናት። አንድ ካስክ፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በመጋረጃ ተከልላ ከኋላ አልጋችን አለች። መጋረጃው ራሱ ቅቤና የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ዝናብ ሲገባ ቱሪስቱ ይጠፋል፣ ሆቴሎቹም ባዶ ይሆናሉ። አንዱ ሆቴል ዕቃ ሲሸጥ አክስቴ አሮጌ ቴሌቪዥንና ዴክ ገዛች። የእኔ ሥራ ሁለት ሆነ፤ ቢጎዲን ማቀበልና ሪሞት መያዝ። ሪሞቷን ከእጄ የሚነጥቅ ሰው አልነበረም።

ፊልሙን ያመጣችው ሶፍያ ናት። ሶፍያ ከሐይቅ መጥታ ፊት ለፊታችን የጨርቅ ሱቅ የከፈተች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ወንድሟ መንገድ ለሚሠሩት ቻይናዎች መኪና ይነዳል። ካምፑ ውስጥ አይተው የጨረሱትን ዲቪዲ በላስቲክ አድርጎ ይልክላታል። የድሮ ዘመን ታሪክ ነው፤ ቤተ መንግሥት፣ ፈረስ፣ ረጅም እጀ ሰፊ ቀሚስ። ንግግሩ ቻይንኛ፣ ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ። ሁለቱንም የሚያውቅ ከመካከላችን የለም።

«የሚያነብልን ሰው አለኝ» አለች ሶፍያ፤ በማግስቱም መምህር ደጀኔን ይዛው መጣች።

መምህር ደጀኔ የእኛው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ የደሴ ልጅ። ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ሲለቀቅ ይመጣል። ነውር እንዳይሆን በሩን ገርበብ አድርጎ እደፉ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከሥር የሚጻፈውን እያየ በአማርኛ ይነግረናል። አክስቴ ሻይ ትሰጠዋለች። «ይጠጡ መምህር» ትለዋለች፣ በእርስዎ።

የቻይናዎቹ ስም ለአፋችን አልመች ሲል እኛው አወጣንላቸው። ጥቁር ካባ ለብሶ በፈረስ የሚዞረው የጦር አለቃ «ካባው» ተባለ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሥር እየቀቀለች የምታክመው ድሃ ልጅ «መድኃኒቷ»። መድኃኒቷን ሐር እየላከ የሚለማመጣት «ወፍራሙ ልዑል»። የንጉሡ እናት ደግሞ ጥፍሯ እንደ ወስፌ ስለሆነ «እቴጌ ጥፍር»።

የጦፈው ክርክር ግን መድኃኒቷ ማንን ታግባ የሚለው ነበር። እትዬ በላይነሽ ለተሳላሚ ጧፍ የምትሸጥ፣ ባለ ትልቅ ድምፅ ሴት፣ የወፍራሙ ልዑል ጠበቃ ናት።

«ካባው ምን አለው?» ትላለች ካስኩ ሥር ሆና፣ ጆሮዋ ስለተሸፈነ እየጮኸች። «አንድ ፈረስ፣ አንድ ሰይፍ! ሰይፍ ተቆርሶ ይበላል? ወፍራሙን እዩት፣ ጎተራው ሙሉ ነው።»

«ወላሂ እትዬ፣ እርስዎ የሚያገቡት ጎተራውን ነው ሰውየውን?» ትላለች ሶፍያ።

«ሰውየውስ ጎተራው ውስጥ አይደል ያለው!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንድ ቀን ግን እትዬ በላይነሽ ሳትስቅ፣ «ይህቺ ልጅ አንዴ ተከድታለች። ሁለተኛ መንገደኛ ማመን የለባትም» አለች። ይህን ስትል ቴሌቪዥኑን አላየችም፤ በመስታወቱ ውስጥ አክስቴን ነበር የምታየው። እኔ ሪሞቱን ይዤ ማሰብ ጀመርኩ። መድኃኒቷ መቼ ነው የተከዳችው? አንድ ዲቪዲ አላመለጠኝም፤ ማንም አልከዳትም። ታዲያ እነዚህ ሴቶች ስለማን ነው የሚያወሩት?

የተጠራጠርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ያ ዘመን የአንድ ለአምስት ዘመን ነው፤ ሴት በአምስት በአምስት ተደራጅታ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል። እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን «እቴጌ ጥፍር ካልወረደች ይህቺ አገር አትድንም!» ብላ ስትጮህ በመንገድ የምታልፈው የሰፈራችን አስተባባሪ ሰማች። በነጋታው ጸጉሯን ልትሠራ መጣችና እኔን ወደ ደጅ ጠራችኝ።

«ማሙሽዬ፣ ይህቺ እቴጌ ጥፍር የምትሏት ማናት?» ማሙሽ የሚባለው ወንድ ነው፤ ገና ከዚያ ነው የጠረጠርኳት።

«የቻይናው ንጉሥ እናት» አልኳት።

«ምን አድርጋ ነው ትውረድ የምትሉት?»

«ሰው ትመርዛለች።»

ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከሁሉም በላይ ጮኻ «ትውረድ!» የምትለው እሷ ሆነች።

አቶ ሞላ ብቅ ማለት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ፍላቂት ወፍጮ ያለው ሰው ነው፤ እህቱ ጎረቤታችን ናት። ሲሳል ከኮቱ ዱቄት የሚወጣ ይመስለኛል። አክስቴን ብዙም አያናግራትም፣ እኔን ያናግረኛል። አንድ ቀን ሸራ ጫማ አመጣልኝና ለአክስቴ፣ «ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ የማስተምራት፤ ፍላቂትም ትምህርት ቤት አለ» አለ። ጫማውን አድርጌ ሳበቃ ገባኝ። ወፍራሙ ልዑል ሐር የሚልከው እንዲህ ነው።

እኔን የጨነቀኝ አንድ ነገር ነበር። አክስቴ ካገባች እኔ ምን እሆናለሁ? ገጠር ከተመለስኩ ትምህርቴ አበቃ። አቶ ሞላ ስለ እኔ ተናግሯል፤ ጫማውም እግሬ ላይ ነው። መምህር ደጀኔ ግን ስለ እኔ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ስለዚህ ጥርጣሬዬን ሁሉ ሰብስቤ እሱ ላይ ጣልኩት።

ከንፈር መቁጠር የጀመርኩትም ያኔ ነው። ካባው አፉን አንዴ ከፍቶ ይዘጋል። መምህር ደጀኔ ግን፣ «አንቺ ሥርሽን ስትቀቅዪ፣ እኔ ደጅ ቆሜ እንፋሎቱን እያሸተትኩ እንዳመሸሁ ማን በነገረሽ» ይላል። ሶፍያ «ወይ ጉድ!» ብላ ደረቷን ትይዛለች። አክስቴ ሚዶውን ታጠብቃለች።

«መምህር፣ ካባው አንዴ ነው እኮ አፉን የከፈተው» አልኩት።

«የቻይና ቋንቋ እጥር ምጥን ያለ ነው» አለኝ። ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ሰው ባልነበረበት ሰዓት፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ የቤት ሥራ ስሠራ አክስቴ «ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ» አለችው። ሻይህ! «ሻይዎ» የነበረው መቼ «ሻይህ» ሆነ? እርሳሴን አስቀምጬ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጠፍኩ። ሌላ ምንም አልተነጋገሩም፤ ያ ዝምታቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ሐምሌ ሲገባ መምህሩ ለክረምት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። የመጻሕፍት ሣጥኑን «ይቀመጥልኝ» ብሎ አልጋችን ሥር አስገባው። የመጨረሻውን ዲቪዲ ሊያነብልን ተቀመጠ።

ካባው ወደ ጦር ሜዳ ሊሄድ ነው። መድኃኒቷ በቅጥሩ በር ቆማለች። ከሰማይ ነጭ ነገር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጣራው፣ ፈረሱ፣ ትከሻዋ ነጭ ሆኗል።

«ጥጥ ነው?» አለች ሶፍያ።

«ጥጥ ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? አመዳይ ነው» አለች እትዬ በላይነሽ።

እኔ ዱቄት መስሎኝ ነበር፤ ወፍጮ ሳስብ ነዋ የከረምኩት። መምህር ደጀኔ ለማናችንም አልመለሰልንም። ካባው ከፈረሱ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት፣ ከሥር ተጻፈ። መምህሩ ጽሑፉን አየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሮ፣ «መስቀል እስኪጠባ ጠብቂኝ» አለ።

ቢጎዲኑ ከአክስቴ እጅ ወደቀና ተንከባለለ። «አቁሚው፣ አቁሚው» አለችኝ። አቆምኩት። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ቢጎዲን ሲፈልጉ ጽሑፉ እዚያው ቆሟል። ሰባት ቃል ነው። ትርጉሙን ባላውቅም ፊደሉን አውቃለሁ። ደብተሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ገለበጥኩት። በሆዴ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቻይና መስቀል አለ እንዴ? ደመራ የሚደምሩት የት ነው?

መምህሩ ሄደ። ፍልሰታ እንደተፈታ የአቶ ሞላ ሽማግሌዎች መጡ። አክስቴ በአክብሮት አስቀመጠቻቸውና፣ «እስኪ ላስብበት፣ መስቀል ይለፍ» አለቻቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። መስቀል! ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ያ ሰው ለመድኃኒቷ ሳይሆን ለአክስቴ ነው የተናገረው፤ አክስቴም እየጠበቀችው ነው። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ጠብቃ እንደቀረች፣ አሁን ደግሞ መስቀልን ጠብቃ ልትቀር ነው።

እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። ከላይ መዝገበ ቃላት ነበር፤ በራሱ መጽሐፍ ልይዘው ነው። ቃል በቃል ፈለግኩ። ጠበቀ። ለ። እኔን። እስከ። አምስተኛዋ ቃል ምንም የማትል ነገር ናት። ስድስተኛው፣ በረዶ። ሰባተኛው፣ ቀለጠ። ደጋግሜ አየሁት። መስቀል የሚል የለም።

ያቺን ቀን ጠብቄ ነበር ማለት ይቻላል። ነሐሴ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ሳለ በረዶ ወረደ። ልክ እንደ ፍላቂቱ ቆርቆሮው ጮኸ፣ ደጁ ነጭ ሆነ፣ እንዳባራም ወዲያው እየሟሟ በቦዩ መውረድ ጀመረ። ደብተሬን ይዤ መሐል ቤት ቆምኩ።

«ካባው መስቀል አላለም» አልኩ። «በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቂኝ ነው ያለው። ከመዝገበ ቃላት አይቼዋለሁ።»

ከዚያ እትዬ በላይነሽ ደጁን አየች፤ በደፉ ላይ የቀረችው የመጨረሻ በረዶ ውኃ ሆና ስትፈስ ሁላችንም አየናት።

«ያውላችሁ! ካባው ሄዶ ተመለሰ!» አለች። «ሻይ እስኪፈላ ጠብቂኝ ማለት እኮ ነው!»

«ወላሂ ይሄ ሰው ተጫውቶብናል» አለች ሶፍያም እየሳቀች፣ የካባው ጠበቃ የነበረችው ሶፍያ። «እሱም ቀልጦ እንዳይቀር!»

አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ደብተሩን ከእጄ ተቀበለች። ማንበብ እንደማትችል ረስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መስቀል የሚል አንድም ቦታ የለም?» አለችኝ።

«የለም።»

«በደንብ አይተሻል?»

«ሰባቱንም አይቻለሁ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። ደብተሩን አጥፋ በጉያዋ ያዘችና ወደ መጋረጃው ኋላ ገባች። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴን ያዳንኳት መሰለኝ። መስቀልን ሳይጠብቁ፣ በጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አክስቴ እሺ ብላ ቃል ሰጠች። በእኛ አገር ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል አይመለስም፤ ከተመለሰ የሚዋረደው አንድ ሰው አይደለም፣ ዘር ነው።

የደመራ ዕለት ከተማው ሁሉ ወደ ደመራው ወርዶ ጸጉር ቤቱ ባዶ ነበር። መምህር ደጀኔ ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጎ ቆመ። የመንገድ አቧራው ከጫማው አልተራገፈም፤ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ነው የመጣው። ፊቱ በሙሉ ይስቅ ነበር።

«እንደምን ሰነበቱ መምህር» አለች አክስቴ። «ይግቡ።»

«ይግቡ» ስትለው ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁ። «ጠብቂኝ ብዬሽ አልነበር?» አለ።

«ያለውማ ካባው ነው። እሱም እርስዎ እንዳሉት አላለም።» ደብተሩን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው፤ አንድ ወር ሙሉ እዚያው ነበር። «በረዶው እስኪቀልጥ ነው ያለው። ቀለጠ እኮ መምህር። ነሐሴ ላይ ቀለጠ።»

ደብተሩን አነበበ። መጀመሪያ ሳቀ። «ማን ነው የገለበጠው? አንድ ፊደል አልሳተችም» አለና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ የአክስቴን ፊት አየና ሳቁ ተቋረጠ።

«ዝናሽ፣ እነሱ አገር ይሄ ነገር እንደኛ በረዶ አይደለም። ያየነው ያ ነጩ ነው፤ ድምፅ የለውም። አንዴ ከጣለ ሦስት ወር አራት ወር ተራራው ላይ ይተኛል። የሚቀልጠው ክረምታቸው ሲወጣ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው። በረዶ ብል ትስቁብኛላችሁ ብዬ፣ በእኛ ክረምት መውጫ ለወጥኩት። ሌላ ጊዜ ጨምሬያለሁ፤ እዚያ ላይ ልጅቷ በደንብ ይዛኛለች። እዚህ ላይ ግን አልዋሸሁም።»

አክስቴ የካስኩን ወንበር ይዛ ቆመች።

«ዝውውር ወጥቶልኛል፣ ደሴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለልጅቷም አምስተኛ ክፍል ቦታ ለምኜ አግኝቻለሁ።»

ለልጅቷም። እኔ ነኝ። እግሬ ላይ የአቶ ሞላ ሸራ ጫማ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለሽማግሌ ቃል ሰጥቻለሁ» አለች አክስቴ።

«መቼ?»

«በሩፋኤል።»

በጣቱ የቆጠረ ይመስለኛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣ። መዝገበ ቃላቱን ከላይ አንስቶ ሪሞቱ አጠገብ አስቀመጠልኝ፤ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ከታች የችቦው ጭስ ይታይ፣ የሕዝቡ እልልታ ይሰማ ነበር። አክስቴ በሩን አልዘጋችውም።

ጥር ላይ ፍላቂት ገባን። አቶ ሞላ ያለውን ፈጸመ፣ አስተማረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ካባው ከጦርነት ይመለስ አይመለስ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የቀሩትን ዲቪዲዎች የሚያነብልን ሰው አልተገኘም።

እንግዲህ ባለፈው ነሐሴ ያን ሁሉ እያሰብኩ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አክስቴ ከኋላዬ መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል። ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያ ደብተር አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

«አክስቴ፣ ያኔ እኮ እኔ...» አልኩ።

አላስጨረሰችኝም። ጎንበስ ብላ ከደፉ ላይ አንዲት በረዶ አነሳችና በመዳፏ ያዘቻት። ሁለታችንም አየናት። ወዲያው ውኃ ሆነች።

«የኛ በረዶ እንዳንቺ ናት፣ ችኩል» አለችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «በይ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አለች።